ያነሣነውን የት እናስቀምጠው?

ባለፈው እትም አንድ ጓደኛችን በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀሉት ፎቶግራፎች ረዘም ያለ ሂስ ጽፏል። ከአሥራ አንዱ መካከል አብልጦ ያመሰገነው «ዋሂል፣ ጧት» የሚለውን ነው። አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው ከጄሪካን ወደ ድስት ውሃ ሲገለብጡ ያሳያል። ይህ መጽሔት በስቴንስል የሚባዛ ስለሆነ ፎቶግራፉን እዚህ ላሳያችሁ አልችልም። ያላየ ሰው ያየውን ይጠይቅ፤ ፎቶግራፉ ያምራል። ውሃው ከጄሪካኑ አፍ ወጥቶ ድስቱ ሳይደርስ አየር ላይ እንዳለ ቀርቷል።

ፎቶግራፉን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ሂሱን ያነበብኩ ዕለት ደስ ብሎኝ ነበር፤ መቼም ሰው ነኝና ምስጋና አልጠላም። ደግሜ ሳነበው ግን ከነከነኝ። ጓደኛችን ፎቶግራፉን ያመሰገነባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ በፊልም የተነሣ በመሆኑ የአንሺው ትዕግሥት ይታይበታል ይላል። ሁለተኛ፣ የመንገደኛ ዓይን አዲስ ስለሆነ የአገሬው ሰው ለምዶ ያለፈውን ያያል ይላል። ሦስተኛ፣ ሴትዮዋ መነሣታቸውን ስላላወቁ ሥዕሉ ከማስመሰል የጸዳ እውነት ነው ይላል። ሦስቱንም ብዙዎቻችን ሻይ ቤት ተቀምጠን የምንላቸው ናቸው። እኔም እላቸው ነበር። ከዋሂል ከተመለስኩ ወዲህ ግን አንዱንም አላምንበትም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

በፊልሙ ልጀምር። ካሜራው የአጎቴ ነው፤ ሶቪየት ሠራሽ ዜኒት። ባትሪ የሚባል ነገር አያውቅም። በግንባሩ ላይ ያለው ብርሃን መለኪያ መርፌውን የሚያንቀሳቅሰው በራሱ በብርሃኑ ኃይል ነው። ሻተሩ ከሰከንድ 1/30ኛ ጀምሮ 1/500ኛ ላይ ያበቃል። ፊልሙ ደግሞ ባለ 36፣ ጥቁርና ነጭ፣ 400 የሚሉት ነው፤ ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጣች የአክስቴ ልጅ በቦርሳዋ ይዛልኝ የመጣች አንድ ጥቅል ብቻ። ሙቀት ፊልም ያበላሻል ስለተባልኩ መንገዱን ሁሉ በጋቢ ጠቅልዬ እግሬ ሥር አስቀምጬው ነበር።

ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በመኪና አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሄድኩት በጎረቤታችን አይሱዙ ጋቢና ነው። መተሐራ ላይ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ከዓመት ዓመት እየሰፋ የመጣውን የበሰቃን ሐይቅ አነሣሁ። አዋሽን ስንሻገር አነሣሁ። ሚኤሶ ላይ አስፋልቱን የሚያቋርጡ ግመሎች፣ ወደ አሰበ ተፈሪ ሽቅብ ሲወጣ በመንገድ ዳር የተደረደረ የከሰል ጆንያ፣ ሂርና ላይ ጫት የተሸከሙ ልጆች አነሣሁ። ደንገጎ ደርሰን መንገዱ ለሁለት ሲከፈል፣ አንዱ ወደ ሐረር አንዱ ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ፣ ቆጣሪውን ባይ 29 ይላል። ሰባት ቀርቶኛል ማለት ነው።

እነዚያ ሃያ ዘጠኙ ምን ሆኑ? ፊልሙን በማደሪያችን መታጠቢያ ቤት ራሴ ሳጥበው ጉዴን አየሁት። ሃያ አንዱ የማይረባ ነው፤ የጋቢናው መስታወት ነጸብራቅ፣ የተንቀጠቀጠ ግመል፣ የሾፌሩ ትከሻ። ፊልም ውድ ስለሆነ አንሺው አስቦ ያነሣል ይባላል እኮ! እኔ እንዳየሁት ውድ ነገር የያዘ ሰው ሁልጊዜ አያስብም፤ አንዳንዴ ይስገበገባል። «እንዳያመልጠኝ» ብሎ በመስኮት መተኮስ ትዕግሥት አይባልም።

ታዲያ ፊልም ከስልክ በምን ይለያል? በዱቤነቱ ነው። በስልክ ያነሣ ሰው ወዲያው አዙሮ «ይኸውልህ» ይላል፤ የተነሣውም ይስቃል ወይም «አጥፋው» ይላል፤ ሒሳቡ እዚያው ይዘጋል። በፊልም ያነሣ ሰው ግን የሰውን መልክ ዛሬ ወስዶ «ይደርስሃል» ብሎ ይሄዳል። ወር ይሆናል፣ ዓመት ይሆናል። እንግዲህ ጓደኛችን ያደነቀው ትዕግሥት የማን ነው? የእኔ አልነበረም። የሚጠብቁት የተነሡት ሰዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ላንሣ። በአማርኛ ፎቶግራፍ «እናነሣለን» እንጂ አንወስድም። የእንግሊዙም የፈረንሳዩም ግስ መውሰድ ነው። እኛ የምንለው የወደቀ እንደሚነሣ፣ ዕቃ ከመሬት እንደሚነሣ፣ ሕፃን ከመደብ እንደሚነሣ ነው። ያነሣ ሰው ደግሞ የሆነ ቦታ ማስቀመጥ አለበት፤ ሕፃኑን አንሥቶ አየር ላይ ትቶት የሚሄድ የለም። ስለዚህ አንድን ፎቶግራፍ ስንመዝን «እንዴት አድርጎ አነሣው?» ብቻ ሳይሆን «የት አስቀመጠው?» ብለን መጠየቅ ያለብን ይመስለኛል። የመንገድ ፎቶግራፍ ደግሞ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይህ ጥያቄ ይከብደዋል፤ መንገደኛ ነገ እዚያ የለምና።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ አዲሱ ዓይን ልምጣ። ጓደኛችን ሮበርት ፍራንክን በምሳሌነት አንሥቷል። ጥሩ አንሥቷል፤ ግን ግማሹን ነው። ፍራንክ ስዊስ አገር ተወልዶ በ1947 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የገባ ሰው ነው። በ1955 የጉገንሃይም ድጎማ አግኝቶ በአሮጌ ፎርድ አገሪቱን አካለለ፤ 767 ጥቅል ፊልም ጨረሰ። ከሃያ ሰባት ሺህ በላይ ከሆኑት ሥዕሎች ለመጽሐፉ የመረጠው 83 ብቻ ነው። «አሜሪካኖች» የተሰኘው ይህ መጽሐፍ በ1958 ፓሪስ፣ በ1959 ኒውዮርክ ታተመ። የኒውዮርኩን መግቢያ የጻፈው ጃክ ኬሩዋክ ነው። መጀመሪያ ላይ ብዙ አሜሪካዊ ሐያሲ አገራችንን ሰደበ ብሎ ተቆጣበት። «አዲስ ዓይን» የሚባለው ወሬ የመጣው ከዚህ ነው።

ጓደኛችን የዘለለው ግን አንድ ሥዕል አለ። በ1956 በሳን ፍራንሲስኮ ከፍታ ሣር ላይ ተቀምጠው ከተማውን የሚያዩ ጥቁር ባልና ሚስት የሚመስሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። ፍራንክ ከኋላቸው ሲያነሣቸው ዘወር ብለው አዩት። አስተያየታቸው «ምን ፈልገህ ነው?» የሚል ነው፤ ተቆጥተዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ተበላሸ ብሎ ይጥለው ነበር። ፍራንክ ግን መጽሐፉ ውስጥ አስገባው፤ በኋላም ከሁሉ አብልጦ እንደሚወደው ተናግሯል። እኔ ፍራንክን የማከብረው ለአዲሱ ዓይኑ አይደለም። የሰዎቹን «እምቢ» አንሥቶ ሁሉም የሚያየው ቦታ ስላስቀመጠው ነው። ዓይኑ አዲስ መሆኑንማ ቱሪስትም አዲስ ዓይን አለው።

ከአሜሪካ ወደ እኛው መንገድ እንመለስ። ዋሂል ካለበት ከድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ቀበሌዎች አንዷ ጀልዴሳ ናት። ባቡር በ1902 እ.ኤ.አ. ደርሶ ድሬዳዋ ከመቆርቆሯ በፊት ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው ነጋዴ ሁሉ በጀልዴሳ ያልፍ ነበር። የበረሃው ግመል እዚያ ይራገፍና ጭነቱ በአህያና በበቅሎ ወደ ደጋው ይወጣል። የፈረንሳዩ ገጣሚ አርቱር ራምቦ ግጥም መጻፉን ትቶ ለንግድ ሐረር ሲወጣ ያለፈውም በዚሁ መንገድ ነው።

ራምቦ በ1883 እ.ኤ.አ. ሐረር ውስጥ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። ሐረር ያኔ በግብፆች እጅ ነበረች። ካሜራውን ያዘዘው ከፈረንሳይ ከሊዮን ከተማ ነው። የፊልም ጥቅል ያለው ኮዳክ ገበያ የወጣው በ1888 ስለሆነ የእርሱ ሥራ በመስታወት ሰሌዳ ነበር። ስለ ሐረርና ስለ ኦሮሞ አገር ሥዕል ያለው መጽሐፍ አዘጋጅቶ ለፓሪሱ የጂኦግራፊ ማኅበር ለማቅረብ አስቦ ነበር፤ መጽሐፉ አልተጻፈም። በ1885 ካሜራውን ሸጠው። ለእኛ የደረሱት ጥቂት ሥዕሎች ብቻ ናቸው። ሦስቱ የራሱ መልክ ናቸው፤ አንዱ በቤቱ ሰገነት፣ አንዱ በቡና ተክል መካከል፣ አንዱ እጁን አጣምሮ በሙዝ ተክል መካከል። ለእናቱና ለእኅቱ ላካቸው። በደብዳቤውም ሥዕሎቹ የነጡት ለማጠቢያ በተጠቀመበት መጥፎ ውሃ ምክንያት እንደሆነ፣ የላካቸውም መልኩን እንዳይረሱት ብቻ እንደሆነ ጽፎላቸዋል።

እንግዲህ በመለኪያችን እንለካው። የራሱን መልክ የት እንደሚያስቀምጥ አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ እናቱ ቤት። የግሪኩን የሥራ ባልደረባውን የሶቲሮንም ሥዕል በስሙ እናውቀዋለን። ከሥዕሎቹ አንዱ ግን ቁጭ ብሎ ዳቡላ የሚሰፋ ሰው ነው፤ ዳቡላ ማለት ቡና የሚጫንበት የቆዳ ጆንያ ነው። የዚህ ሰው ስም ከሥዕሉ ጋር አልደረሰንም። የሚታወቀው በሙያው ብቻ ነው፤ «ዳቡላ ሰፊ» ተብሎ። የነጣው መልክ የእናትየውን ቤት ሲያገኝ የሐረሩ ሰፊ መልክ በሌላ አገር መዝገብ ቤት ቀረ። ራምቦን ለመስደብ አይደለም። ታላቅ ገጣሚ ነው፤ የራሱንም መልክ በመነጽሩ ፊት ለማቆም አላፈረም። ነገር ግን መንገዱ አዲስ ዓይን ቢሰጠውም ያነሣውን ማስቀመጫ አልሰጠውም።

አሁን ወደ ራሴ ኃጢአት ልግባ። ዋሂል የሄድኩት የማደሪያ ክፍል ጓደኛዬ አያት እዚያ ስለሚኖሩ ነው። የተመሰገነው ፎቶግራፍ የእሳቸው ነው። በነጋታው ጧት ውሃ ሲገለብጡ አየኋቸው። አምስት እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ ቆምኩ፤ ብርሃኑን ለካሁ፤ ሻተሩን 1/500ኛ፣ የሌንሱን ቀዳዳ 16 ላይ አደረግሁ፤ ውሃው እስኪወርድ ጠበቅሁና ተጫንኩ። የዜኒት ሻተር ደግሞ በር እንደሚዘጋ ይጮኻል። ቀና ብለው አዩኝ።

አልተቆጡም፤ ሳቁ። በኦሮምኛ የሆነ ነገር አሉ። የድሬ ልጅ አንቱታ አያበዛም፤ ጓደኛዬ ሲተረጉምልኝ «አቦ፣ እንዲህ በሥራ ልብሴ አያንሣኝ፣ ይጠብቀኝ እያለች ነው» አለኝ። ገብተው ሩብ ሰዓት ያህል ቆዩ። ሲወጡ አዲስ ሻሽ አስረዋል፤ ጨሌያቸውን አድርገዋል። ወንበር አስመጡ፤ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን በግራና በቀኝ አቆሙ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊት፣ ልክ ለመታወቂያ እንደሚነሡት ጉርድ ፎቶ፣ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

እውነቱን ልናገር። በልቤ «ይኼማ ፎቶ ቤት ሆነ» አልኩ። ፀሐይ ከጀርባቸው ነበረች። ወንበሩን ማዞር ወይም የሌንሱን ቀዳዳ ሁለት ደረጃ መክፈት ነበረብኝ፤ ይህን አውቃለሁ። መለኪያውን አላየሁም። ለጧቱ ሥዕል ባስተካከልኩት እንዳለ ተጫንኩና «አመሰግናለሁ» አልኩ። የቀሩትን ሁለቱን ዛፍ አነሣሁባቸው። ስንለያይ በጓደኛዬ በኩል «መቼ ይደርሳል?» ብለው ጠየቁ። «በወሩ» አልኩ።

ፊልሙ ሲታጠብ የሰረቅሁት ሥዕል ጥርት ብሎ ወጣ፤ እናንተም አያችሁት፤ ጓደኛችንም አመሰገነው። እሳቸው የፈለጉት ሥዕል ላይ ግን የሦስቱም ፊት ጥቁር ነው። የሻሹ ጠርዝ ብቻ ያበራል። ራምቦ በውሃው አሳበበ፤ ውሃው ክፉ ሊሆን ይችላል። የእኔ ጥፋት ግን የውሃም የፊልምም የካሜራም አይደለም። ለራሴ ላነሣሁት ብርሃን ለካሁ፤ ለእሳቸው ላነሣሁት አልለካሁም። ይህ ከሆነ አምስት ወር አለፈው። የሚላክ ነገር የለኝም።

ስለዚህ ሦስተኛው ነጥብ፣ ሰው መነሣቱን ሳያውቅ ሲቀር ሥዕሉ እውነት ይሆናል የሚለው፣ ለእኔ ውድቅ ነው። በተሰረቀው ሥዕል ውስጥ ያሉት ሴትዮ ማን ናቸው? «ውሃ የምትገለብጥ አሮጊት» ናቸው፤ ስም አያስፈልጋቸውም፤ ልክ እንደ ዳቡላ ሰፊው። ሻሽ አስረው፣ የልጅ ልጆቻቸውን አቁመው ሲቀመጡ ግን «እኔ የእነዚህ አያት ነኝ፤ እንዲህ አድርገህ አስታውሰኝ» ማለታቸው ነው። ይህ ማስመሰል ከሆነ ደብዳቤ ስንጽፍ ፊደላችንን ማሳመራችንም ማስመሰል ነው። ያልሰማኋቸው እኔ ነኝ።

እኛ ተማሪዎች ፎቶ ቤትን መናቅ የሥልጣኔ ምልክት አድርገነዋል። ከኋላ የተሳለው መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባው፣ ቀጥ ያለው አንገት ያስቀናል ሳይሆን ያስቀናል የሚለውን ሰው ያስቀልደናል። ግን እስቲ እያንዳንዳችን የቤታችንን ሳሎን ግድግዳ እናስብ። የአባታችንና የእናታችን የሠርግ ሥዕል፣ የሞተው ወንድማችን ሥዕል የማን ሥራ ነው? የፎቶ ቤቱ። የአርመኑ የቦያጂያን ቤተሰብ ከዐፄ ምኒልክ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቤተ መንግሥቱን ሲያነሣ፣ ስማቸው የትም ያልተጻፈ የየከተማው ፎቶ አንሺዎች ደግሞ ሕዝቡን አነሡ፤ ያነሡትንም መልሰው በባለቤቱ ግድግዳ ላይ አስቀመጡት። ማስቀመጫ ያለው ፎቶግራፍ ይኸው ነው።

«ፎቶ ቤት እኮ መንገደኛ አይደለም፤ እዚያው ስላለ ይቀለዋል» የሚለኝ ይኖራል። የአጎቴን ደብተር ላሳየው። አጎቴ ይህንኑ ዜኒት በአንገቱ አድርጎ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19ና ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ይሄድ ነበር፤ ተሳላሚ እያነሣ ሊተዳደር። እኔ በጋቢና ያለፍኩበት የቁልቢ መንገድ ለእርሱ የሥራ ቦታው ነበር። ከጎጃምም ከሸዋም የመጣ ሰው ያነሣል፤ ነገ ማንም እዚያ የለም፤ ሁሉም መንገደኛ ነው። ስለዚህ ደብተር ይዞ ነበር። አራት ረድፍ አለው፤ የፊልሙ ቁጥር፣ ስም፣ አድራሻ፣ ቀብድ። በስተቀኝ ጠርዝ ደግሞ «ደረሰ» የሚል ምልክት። በፖስታ ይልክላቸው ነበር።

ካሜራውን ሲሰጠኝ ደብተሩንም አብሮ ሰጥቶኝ ነበር፤ ባዶ ገጾች ስላሉት ተጠቀምበት ብሎ። አፍሬ ማደሪያዬ ትቼው ሄድኩ፤ የንግድ ነገር መሰለኝ። ከዋሂል ስመለስ ገልጬ አየሁት። አብዛኛው «ደረሰ» ይላል። አንዳንዱ ባዶ ነው። ስለ ባዶዎቹ ስጠይቀው «እነሱማ አሁንም አሉብኝ» አለኝ። ሠላሳ ምናምን ዓመት አልፎት!

አንድ ክርክር እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። ፍራንክ በ1955 በኒው ኦርሊንስ የጎዳና ባቡር መስኮቶች ያነሣው ሥዕል አለ፤ ነጮቹ ከፊት፣ ጥቁሮቹ ከኋላ። ፈቃድ ቢጠይቅ ያንን ሥዕል ባላገኘነው ነበር። እውነት ነው፤ እቀበላለሁ። አንድ አገር ለምዶት የማያየውን ግፍ ለማሳየት የሚሰረቅ ሥዕል አለ፤ ማስቀመጫውም የሕዝብ ዓይን ነው። የዋሂሏ እናት ውሃ መገልበጥ ግን የማን ግፍ ነው? ያጋለጥኩት ምንድን ነው? ምንም። ውሃው አየር ላይ ስላማረኝ ብቻ ነው። ያማረኝን ማንሣቴ ወንጀል አይደለም፤ እርሱን «እውነት» ብለን ሰቅለን የእሳቸውን ፍላጎት «ማስመሰል» ማለታችን ግን የሂስ ስሕተት ነው። ጓደኛችን ያላወቀውን ስለጻፈ አይወቀስም፤ ከግድግዳው ላይ ይህን የሚነግረው ነገር አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ስለዚህ «ዋሂል፣ ጧት»ን ትናንት ከግድግዳው አውርጄዋለሁ። በቦታው ምስማሩ ብቻ አለ። የኤግዚቢሽኑ ኮሚቴ ለሚቀጥለው ጊዜ ከእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ሥር ካነሣው ሰው ስም ሌላ ሁለት ነገር እንዲያስጽፍ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ የተነሣው ሰው ማን እንደሆነ (ስሙ እንዲጻፍ ከፈቀደ)፣ እና ሥዕሉ ደርሶት እንደሆነ። ብዙዎቻችን ባዶ እንደምንተወው አውቃለሁ። ባዶውም ይታይ።

በሚቀጥለው ዕረፍት ዋሂል እመለሳለሁ። የአክስቴ ልጅ ፊልም ከላከችልኝ በዜኒቱ፣ ካልላከችልኝ በስልኬ አንሥቼ ድሬዳዋ ላይ በወረቀት አስወጥቼ እሰጣቸዋለሁ፤ የፊልም ክብር ለራሱ ይሁን። ወንበሩን በፀሐይዋ በኩል አዞራለሁ። የጧቱንም ሥዕል ይዤላቸው እሄዳለሁ፤ ካዩት በኋላ «ይሰቀል» ካሉ ምስማሩ አለ፤ «አይሆንም» ካሉ ደግሞ እዚያው ቤታቸው ይቀራል። በአጎቴ ደብተር አዲስ ገጽ ላይ አንድ መስመር ጽፌያለሁ፤ የመጨረሻው ረድፍ ገና ባዶ ነው።